የወላጆች ትምህርቱ ልጁ ጋ ደርሷል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ጠያቂዋ በአንድ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ አስተባባሪ ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «በስድስት ቀበሌዎች ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላላቸው እናቶች በየሁለት ሳምንቱ የልጅ አስተዳደግ ትምህርት እንሰጣለን። ሃያ ሃያ ሆነው ቡና እየተፈላ ነው የሚማሩት። ዓመት ሞላን። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በመጠይቅ ጠይቀናቸው ውጤታቸው በጣም ጨምሯል። ለጋሹ ግን ይህ ለውጥ መምጣቱን አያሳይም አለን። ምን ጎደለ? በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስምንት አዲስ ቀበሌዎች እንገባለን፤ በጀቱ ደግሞ ትንሽ ነው።»

እህቴ፣ ለጋሹ ልክ ነው። ዓመት ሙሉ ጭቃና ፀሐይ ሳትሉ ለፍታችሁ እንዲህ መባል ያማል፤ አውቃለሁ። ግን ሰውየው ለውጥ የለም አላለም። መኖሩን አላሳያችሁኝም ነው ያለው። መጠይቃችሁ ያሳየው እናቶቹ ትክክለኛውን መልስ ማወቃቸውን ነው። የልጆቹ ውሎ ተለውጦ እንደሆነ ግን ምንም አይናገርም።

እስቲ አስቢው። ዓመት ሙሉ «ልጅ አይመታም፣ ከልጅ ጋር ይወራል፣ ይጫወታል» ስትላት የኖረችው አመቻች ራሷ ወረቀት ይዛ መጥታ «ልጅሽን ትመቺዋለሽ?» ብትላት፣ የትኛዋ እናት ናት እንግዳዋን አሳፍራ «አዎ፣ ትናንትም መትቼዋለሁ» የምትለው? ይሉኝታው አያስችላትም። ይህ ውሸታምነት አይደለም። የተማረችውን መመለሷ ነው፤ እናንተንም ማክበሯ ነው። ቁጥሩ ግን ያንን ክብር ነው የሚለካው።

ሌላም አለ። በዚህ ዓመት ልጁም አንድ ዓመት አድጓል። በዓመት ከመንፈቁ ጥቂት ቃል ብቻ የነበረው ልጅ በሁለት ዓመት ከመንፈቁ ዓረፍተ ነገር ቢገጣጥም፣ ያ ከትምህርቱ ነው ወይስ ከዕድሜው? ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። መለየት የሚቻለው የእናንተን ትምህርት ካላገኘ ተመሳሳይ ልጅ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። በዚያ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ታስተምራለች፣ ሬዲዮውም ያወራል፣ ኦ ክፍል የገባ ታላቅ ወንድም ካለም ቤት ሲመለስ ፊደል ይቆጥራል። እነዚህ ሁሉ በዚያው ዓመት አብረው ሲሠሩ ነበር።

እውቀት መጨመርና የልጅ መጠቀም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በባንግላዴሽ ገጠር የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። ከእናንተ ሥራ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያላቸው እናቶች ለአንድ ዓመት በቡድን ተማሩ፤ በአማካይ 16 ጊዜ ተገኙ። ከጎረቤት መንደር ካልተማሩ እናቶች ጋር ሲነጻጸሩ ስለ ልጅ አስተዳደግ ያላቸው እውቀት በልጦ ተገኘ፤ ቤታቸውም ለልጁ የተሻለ ሆኖ ተመዘነ። ይህ ደግ ነው። ግን ሥዕል ሰጥተው ከልጅሽ ጋር አውሪ ሲሏቸው፣ አወራራቸው ካልተማሩት የተለየ አልነበረም። የልጆቹም የቃላት ብዛት አልጨመረም። ይህን ያወቁት ሄደው ስላዩ ነው። በመጠይቅ ቢያቆሙ ኖሮ «ተሳክቷል» ብለው ፋይሉን ይዘጉት ነበር።

ስለዚህ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይከተላል። እናትየዋ የምታውቀውን መጠየቅ ቀንሱና በእሷና በልጇ መካከል የሚሆነውን እዩ። በዓይን።

ከዚያ በፊት ግን የመገኛ ደብተራችሁን ክፈቱ። እውነቴን ነው፤ ብዙ ፕሮግራም የሚወድቀው እዚያ ነው። ማን ስንት ጊዜ መጣች? «ሃያ እናቶች ተሳትፈዋል» ማለት ሃያዎቹ አንዴ መጥተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ደግሞ ማን ቀረች? ብዙውን ጊዜ የምትቀረው ከሩቅ ጎጥ የምትመጣዋ፣ ከብት የሚጠብቅላት ያጣችው፣ አማቷ ቤት የምትኖረው ወጣት እናት ናት። ትምህርቱ ለእነሱ ነበር የታሰበው። ከቀሩ የመጨረሻው መጠይቅ ላይም አይኖሩም፤ ስለዚህ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይመስላል። መጀመሪያ የተመዘገቡትን ሁሉ፣ አንድ ቀን ብቻ መጥታ የቀረችውንም ጭምር፣ መጨረሻ ላይ ፈልጋችሁ ጠይቁ። አድካሚ ነው። ግን ይህን ካላደረጋችሁ የምትለኩት ትጉሆቹን ብቻ ነው።

መጠኑም ነገር ነው። ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው የጃማይካ ጥናት አለ። ኪንግስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 የተጀመረ ነው፤ 129 የቀነጨሩ ልጆችን ይዟል። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ቤት ድረስ እየሄደች ለአንድ ሰዓት ያህል ከእናትና ልጅ ጋር ትጫወታለች፤ ይህም ሁለት ዓመት ሙሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲታይ የእነዚያ ልጆች ገቢ ጉብኝቱን ካላገኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህ ቁጥር በየማመልከቻው ላይ ይለጠፋል፤ ምናልባት በእናንተም ላይ አለ። እናንተ ግን በወር ሁለቴ፣ ለሃያ ሰው በአንድ ላይ ነው የምታስተምሩት። የጃማይካን ውጤት ቃል ከገባችሁ ራሳችሁን ነው የምትጎዱት። ለእኛ አገር አሠራር የሚቀርበው የፓኪስታን ሲንድ ጥናት ይመስለኛል። እዚያ ሥራውን የሠሩት እንደ እኛ ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ያሉ ሴት ጤና ሠራተኞች ናቸው፤ ወርኃዊ የቡድን ስብሰባና የቤት ጉብኝት አጣምረው። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በአስተሳሰብም በቋንቋም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ የት እንዳለ ልብ በይ። ቤት ድረስ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ቦታ እንግባ። አንድ ሰው ጥግ ላይ ይቀመጥና ሰዓት ይያዝ። አመቻቿ ስንት ደቂቃ ተናገረች? እናቶቹ ስንት ደቂቃ ተናገሩ? ልጆቹ አብረው መጥተዋል? ከመጡስ አንዲት እናት እዚያው ከልጇ ጋር ስትጫወት ታይታ «እንዲህ ብታደርጊውስ» ተብላለች? ልጆቹ ቤት ቀርተው እናቶቹ ብቻ ተቀምጠው ስለ ጨዋታ የሚሰሙ ከሆነ፣ ለምን ልጁ ጋ እንዳልደረሰ ለማወቅ ትልቅ ጥናት አያስፈልግም። ይህ ምልከታ ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት የምሠራው እሱን ነው።

የቤቱ ምልከታ ከበድ ይላል። ሂዱ፣ ተጫወቱ፣ ቡናውን ጠጡ፤ መጀመሪያ የምታዩት ለእንግዳ የተዘጋጀውን ነው፤ እሱን ተዉት። ከዚያ እናትየዋ ወደ ሥራዋ ስትመለስ፣ እህል ስትለቅም ወይም ጥጥ ስትፈትል፣ አሥር ደቂቃ ቁጠሩ። ልጁ ስንት ጊዜ ጠራት፣ በጣቱ አሳያት፣ ድምፅ አሰማት? እሷስ ስንት ጊዜ መለሰችለት፤ በቃል፣ በዓይን፣ በእጅ? በቃ ይህ ነው። ሥራዋን ትታ መሬት ላይ ተቀምጣ በአሻንጉሊት እንድትጫወት አትጠብቁ። ጥሩ እናት እህል እየለቀመች ለልጇ ትመልሳለች። ቆጣሪዎቹ ሁለት ሆነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቤቶች አንዱን እናት አብረው ይቁጠሩና ያወዳድሩ። ቁጥራቸው ካልተቀራረበ ሥልጠናው አልበቃም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ተተረጎሙ ቅጾች አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ቦታ ያየሁት ችግር ነው። «ሆም» የሚባለው በዓለም የታወቀ የቤት ምዘና መሣሪያ አለ፤ ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ሌላ አገር የተሠራን ቅጽ እንዳለ ብትወስዱት ቤቱ ውስጥ ስንት የልጅ መጽሐፍ እንዳለ ስትጠይቁ በየቤቱ ዜሮ ትሞላላችሁ። ከጭቃ የተሠራ በሬ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ልጁ በሬ ብሎ የሚነዳው የበቆሎ ቆረቆንዳ ግን አይቆጠርም። ማታ እሳት ዳር የሚነገር ተረት አይቆጠርም። ከዚህም የባሰ አለ። ብዙዎቹ ቅጾች እናትየዋ ልጇን በእንግዳ ፊት ማመስገኗን ነጥብ ይሰጡበታል። እኛ ጋ ብዙ እናት በማታውቀው ሰው ፊት «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ያምራል» አትልም፤ ዓይን ይበላዋል ብላ ትፈራለች። ዝም ያለችው ስለምትወደው ነው፤ ቅጹ ግን ቀዝቃዛ እናት ብሎ ይመዘግባታል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አውጡት ወይም ለውጡት። ከመለወጣችሁ በፊት ደግሞ እናንተ ከማታስተምሩበት ቀበሌ ጥቂት እናቶችና አያቶች ጋ ሄዳችሁ «ልጁን የምትወድ፣ የምትከታተል እናት በምን ትታወቃለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ከምታስቡት በላይ ትማራላችሁ።

መጠይቅ ጨርሶ ይቅር አላልኩም። አጠያየቁ ይለወጥ። «ከልጅሽ ጋር ትጫወቻለሽ?» አትበሉ። «ትናንት ከምሳ በኋላ ልጁ ምን ሲያደርግ ዋለ? ከማን ጋር?» በሉ። ያኔ ብዙ ቤት ውስጥ ልጁ የዋለው በስምንትና በአሥር ዓመት እህቱ ጀርባ ላይ፣ ወይም ከአያቱ ጋር መሆኑን ትሰማላችሁ። ትምህርቱ ለእናት ነው፤ ውሎው ከእህት ጋር ነው። ይህን ካወቃችሁ ቀጣዩ ዓመት ማንን መጥራት እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ። አባቶችም እንዲሁ፤ ቢያንስ ጥቂቶቹን ለብቻቸው ጠይቁ። ጠያቂው ደግሞ አመቻቿ አትሁን፤ የቀበሌ ሹምም አይሁን። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ልጆች ሞልተዋል፤ የትኛው ቀበሌ እንደተማረ ሳይነገራቸው ቢሄዱ በጣም ጥሩ ነው።

ልጁን ራሱን መለካትስ? ከተቻለ መልካም ነው፤ ግን እዚህ ላይ ጠንቃቃ ነኝ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት «ክሬዲ» የሚባል የልጅ እድገት መጠይቅ አለ፤ አሳዳጊውን እየጠየቁ የሚሞሉት ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ግን መላሿ ያው እናትየዋ መሆኗን አትርሱ። ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ ስድስት ላሉት ሴቭ ዘ ችልድረን ያዘጋጀው «አይዴላ» አለ፤ ልጁን ራሱን ነው የሚጠይቀው። ጅማ ላይ ደግሞ «ዴንቨር» የተባለውን መመዘኛ ለኢትዮጵያ ልጆች አስተካክለው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል፤ የማስተካከል ሥራ ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ለማየትም ይጠቅማል። በጀቱ ካልበቃ ግን ልጁን በደካማ መሣሪያ ከመለካት የአሳዳጊውን ተግባር በደንብ ለክታችሁ «ልጁን አልለካንም» ብትሉ እመርጣለሁ።

የቁመት መቀንጨርን ደግሞ ከውጤት መለኪያችሁ አውጡት። ለጋሽ ይወደዋል፤ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ከ100 ልጆች 41ዱ የቀነጨሩ ነበሩ። ይህ የምግብ፣ የውኃ፣ የበሽታ፣ የእርግዝና ነገር ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ በሚሰጥ ትምህርት በአንድ ዓመት አይነቃነቅም። ጃማይካ ላይም ጨዋታው የልጆቹን አእምሮ እንጂ ቁመታቸውን አልለወጠም።

የልጁን ዕድሜ ስትመዘግቡ ግን አትቸኩሉ። በዚህ ዕድሜ ሦስት ወር ብዙ ነው፤ ዕድሜው በስሕተት የተጻፈ ልጅ ሰነፍ ወይም ጎበዝ መስሎ ይታያል፤ የምትፈልጉትን ትንሽ ልዩነትም ይውጠዋል። ብዙ እናት ወሩን ባታስታውስም የሚካኤል ዕለት ወይም የማርያም ዕለት መሆኑን ታስታውሳለች። ክርስትና የተነሣበትንም ታውቃለች፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሆነ ከዚያ ወደኋላ ይቆጠራል። ጤና ኬላ የክትባት ካርድ ካለ ከእሱ ጋር አስተያዩት።

አሁን ወደ ስምንቱ አዲስ ቀበሌዎች እንምጣ፤ ትልቁ ዕድላችሁ እነሱ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር ካልቻላችሁ፣ ማን ይቅደም የሚለውን በዕጣ ወስኑ። በሕዝቡ ፊት፣ በግልጽ። እቁብ የሚጥል ሕዝብ ዕጣን ለማስረዳት ረጅም ንግግር አይፈልግም፤ ካድሬ ከሚመርጥለት ዕጣ ይሻለዋል። የቀደሙት ተማሪዎች ናቸው፤ ተራ የሚጠብቁት ማነጻጸሪያ ይሆናሉ፤ በዓመቱ እነሱም ይማራሉ። ማንም አልተበደለም። ዕጣ ከመጣሉ በፊት ግን ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሩ፤ ጮቄ ሥር ያለን ደጋ ቀበሌ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ቀበሌ ጋር አታነጻጽሩ፤ እህሉም፣ ውሎውም፣ በሽታውም ሌላ ነው።

ዕጣውን በእናት በእናት አትጣሉት። አንድ ቡና የሚጠጡ፣ አንድ ደብር የሚስሙ ጎረቤታሞች የሰሙትን ይነጋገራሉ። ነገር ግን በቀበሌ ብቻ ስትሉ ደግሞ ቁጥሩ ያንሳል። የአንድ ቀበሌ እናቶች ስለሚመሳሰሉ ሠላሳ እናት ሠላሳ የተለያየ መረጃ አይሰጥም። በሒሳብ ላሳይሽ። መመሳሰሉን 0.05 ብንለው (0 ማለት ምንም አይመሳሰሉም፣ 1 ማለት ፍጹም አንድ ናቸው)፣ ከስምንት ቀበሌ ሠላሳ ሠላሳ፣ በጠቅላላው 240 እናት ስትጠይቁ፣ መረጃው የ98 እናት ያህል ብቻ ይመዝናል። ያንኑ 240 እናት ከ24 ጎጥ አሥር አሥር አድርጋችሁ ብትወስዱ የ165 ያህል ይሆናል። ስለዚህ እኔ ዕጣውን በጎጥ እጥለው ነበር፤ በቀበሌው ውስጥ ተራርቀው ያሉ፣ ውኃና ቤተ ክርስቲያን የማይጋሩ ጎጦችን መርጬ። ወሬ ትንሽ ይሻገራል፤ ይሻገር። ከስምንት ቀበሌ ብቻ ከሚመጣ ድንግዝግዝ ውጤት ይሻላል።

ወቅቱን ጠብቁ። መነሻውና ማጠናቀቂያው ልኬት በአንድ ወቅት ይሁን። ይህን ቸል ያለ ግምገማ ጎጃም ውስጥ ዋጋ የለውም እላለሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ቤት ውስጥ እንቁላልና ወተት ከማድቤት ይጠፋል፤ ሕፃኑ ባይጾምም ለብቻው የሚሠራለት የለም። የሕፃን አመጋገብ ስትለኩ፣ ከስምንቱ የምግብ ዓይነቶች ቢያንስ አምስቱን አግኝቷል ወይ ብላችሁ ነው የምትጠይቁት። መነሻውን በመጋቢት፣ ማጠናቀቂያውን ከፋሲካ በኋላ ብታደርጉት፣ እንቁላሉ በትምህርቱ የመጣ ይመስላችኋል፤ ያመጣው ፋሲካ ነው። ነሐሴ ላይ አረም አለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ እናት ያኔ ለልጅ የምትሰጠው ጊዜም፣ ወደ ትምህርት የምትመጣበት ዕድልም ያንሳል። ከገና በኋላ፣ ጾም ሳይገባ ያለችው ጊዜ ትመቻለች።

መንገድ የሚዘጋበትና ቤተሰብ የሚፈናቀልበት ጊዜ መሆኑን እኔም አልረሳሁም። ያልተደረሰበትን ጎጥ ከሠንጠረዡ አትሰርዙት፤ በዕጣ የደረሰው ምድብ ውስጥ እንዳለ ይቆጠር፤ ለምን እንዳልተደረሰበትም ይጻፍ። ለቁጥር ሲባል ግን ማንንም መረጃ ሰብሳቢ አደጋ ወዳለበት አትላኩ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ትምህርቱ ካለቀ ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ኮሎምቢያ ውስጥ በ96 የከተማ አስተዳደሮች ለ18 ወር የተሠራ ጥሩ ፕሮግራም ሲያልቅ ውጤት ታይቶበት ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሄዱ ግን ጠፍቶ አገኙት። ሁለተኛ፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ የታመመ ልጅ ታገኛላችሁ። የክንድ መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከስድስት ወር በላይ የሆነ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ኬላ ይላክ፤ ማነጻጸሪያ ጎጥ ውስጥ ቢሆንም። እናትየዋ እንቅልፍ አጥታ፣ ተስፋ ቆርጣ ካገኛችኋትም ቅጹን ዘግታችሁ የምትታገዝበትን ፈልጉ። ከወዲሁ ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተነጋገሩበት።

ለአሁኑ ሪፖርት ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «የተሳታፊ እናቶች እውቀት ጨምሯል። ማነጻጸሪያ ስለሌለን ምክንያቱ ትምህርቱ ብቻ ነው አንልም። የአሳዳጊዎችን ተግባርና የልጆችን እድገት አልለካንም። በስምንቱ ቀበሌዎች ግን ዕጣ ጥለን፣ በዓይን አይተን እንለካለን።» ከሥሩ የመገኛ ደብተሩን ቆጠራ አስገቢ፤ ከግማሽ በላይ የተገኙት ስንት፣ ሦስት ጊዜ እንኳ ያልመጡት ስንት፣ ከየትኛው ጎጥ። ለጋሹ ሌላ ነገር ከመጠየቁ በፊት እሱን ነው የሚያነበው።